ዴልቾ ሊሸጥልን ስለፈለገው ዋስትና

ለወንድሜ ለኦግኒያን፦

እንደምን ሰንብተሃል? ዳሪናስ ደኅና ናት? ትንሹ ቦያን ትምህርት ቤቱን ለመደው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያለቅሳል? የዓሣ ፋብሪካው በረዶ የሰነጣጠቀው እጅህ ዳነልህ ወይ? በላክህልኝ ፎቶ ላይ ኪስህ ውስጥ ከተኸው ስላየሁ ልቤ አላረፈም። እኛ በዚህ በኩል፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። እማዬ በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበቷ ትመላለሳለች። የሄደች ዕለት ጠውልጋ ትመለሳለች፤ በማግስቱ ግን አጥር ተደግፋ ከጎረቤት ጋር ስትከራከር ታገኛታለህ። ቃሪያው ተለቅሞ፣ ተጠብሶ በየጠርሙሱ ገብቷል፤ የእናንተን ድርሻ ለብቻ አስቀምጬላችኋለሁ።

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ በስልክ ስለማይሆንልን ነው። በስልክ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ከዚያ አንዳችን እንዘጋለን። ባለፈው የዘጋኸው አንተ ነህ። «ለእናታችን ነፍስ ዋስትና መግዛት ከበደሽ? ዴልቾ እንኳ ባዕዱ ሰው ከአንቺ በላይ አሰበላት» ብለኸኝ ነው የዘጋኸው። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም። አልቀየምኩህም። የሰማኸው የአንድ ወገን ወሬ ነው፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

ሕመምተኞቹን ወደ ፕሎቭዲቭ ሆስፒታል ያመላልስ የነበረው ሚኒባስ፣ ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምትክ አላገኘም። በጋውን ሙሉ እማዬን በጎረቤት መኪና፣ በአትክልት ጫኝ፣ ባገኘሁት ሁሉ ሳመላልሳት ከረምኩ። የሰው ፊት ማየት ሰለቸኝ። ያገለገለች መኪና እንግዛ የተባባልነውም ለዚሁ ነበር። ወደ መኪና ሻጩ ወደ ዴልቾ የሄድኩት ደግሞ አንተ «የጋሽ ፓንኮ ልጅ አይደለም እንዴ፤ አባታችን ክርስትና ያነሳው ልጅ አይዋሸንም» ስላልከኝ ነው። እኔም እንዳንተው አስቤ ነበር።

ግቢው ከከተማው መውጫ ላይ ነው፤ ከጀርመን የመጡ መኪኖች ታጥበው ተደርድረዋል። እማዬ ካልሄድኩ ብላ አብራኝ መጣች። ዴልቾ በሩጫ ወጥቶ ሁለት ጉንጯን ሳማትና «እማማ ስቶይና፣ ቤትሽ መጣሽ» አላት። አንዲት ብርማ፣ ከኋላዋ ረዘም ያለች መኪና አሳየን። ወለሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ እማዬ ማንም ሳይደግፋት ገብታ ተቀመጠችና ቀበቶውን ራሷ አሰረች። ፊቷን ብታየው አንተም ትገዛት ነበር። ዋጋው ላይ ጥቂት ተከራከርን፣ ተስማማን። ዴልቾ «እትዬ ዝላትካ፣ ይቺ መኪና እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው፤ አንድ እንከን የላትም» እያለ ይምላል።

ቢሮ ገብተን እንደተቀመጥን ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ ያቺኑ መኪና ያማ ጀመር። ያገለገለች ናት፤ ሞተሯ ሊበላሽ ይችላል፤ ካምቢዮዋ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ የሁለት ዓመት ተጨማሪ ዋስትና ግዙ። «አሁን እንከን የላትም አላልክም?» ብለው፣ ሳያፍር «እንከን የላትም፤ ግን እኮ መኪና ናት» አለኝ። እስከዚህ ድረስ ነጋዴ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩን ጎትቶ እማዬ አጠገብ ተጠጋና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «እማማ፣ እስቲ አስቢው፤ ክረምት ነው፣ በረዶ ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ቆመ። ሐኪሞቹ ማሽኑን አዘጋጅተው ይጠብቁሻል፤ አንቺ ግን አልደረስሽም። ያኔ ዝላትካ ራሷን ይቅር ትላለች?» አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ እንደ ቄስ። እማዬ ከንፈሯ ነጣ። ስለ ሕመሟ ያን ያህል ጠንቅቆ የሚያውቀው አንተ በወንድምነት ስለነገርከው ነው። አምነህ የነገርከውን የመሸጫ ዕቃ አደረገው። ሰቀጠጠኝ፣ ኦግኒያን። ያም ሆኖ ልፈርም ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግርህ። ሲያስፈራሩህ ጥሩው መንገድ እሱ ብቻ ይመስልሃል።

እስክሪብቶውን እንዳነሳሁ ውጭ ትራክተር ቆመ። ትራክተሩ አንዲት አረንጓዴ መኪና በገመድ እየጎተተ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ጌንቾ የሚባሉ፣ ከላይኛው መንደር የመጡ፣ ማር የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ከዚሁ ከዴልቾ አምና ነው የገዙት፤ ዋስትናውንም ገዝተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙና ካምቢዮው እንደተሰበረ፣ ማርሽ አልገባ እንዳላቸው ተናገሩ። ዴልቾ ከወንበሩ አልተነሳም። «አባባ፣ እሱ አልተሰበረም፤ አልቋል። ዋስትናው የሚሸፍነው ድንገት የተሰበረውን እንጂ በአገልግሎት ብዛት ያለቀውን አይደለም» አላቸው። ሽማግሌው «ስትሸጥልኝ ከሞተር እስከ ጎማ ነው ያልከኝ» አሉት። «መኪና እንደ ሰው ነው፣ ያረጃል። አንተ ስታረጅ ዋስትና የሚከፍልህ አለ?» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እሺ፣ ቢያንስ ውጣና እየው» ሲሉት፣ «እንግዳ ይዣለሁ፤ ውጭ ጠብቅ» አላቸውና ወደ እኛ ዞረ። ፊቱ ላይ ያው ፈገግታ ተመልሶ በቦታው ተቀመጠ። ልክ መብራት አጥፍተህ እንደምታበራው። 

«የእኛም ካምቢዮ ሲሰበር አርጅቷል ልትለኝ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምን በወጣችሁ፤ እናንተማ ቤተሰብ ናችሁ» አለኝ። ሽማግሌው ገና ከበሩ አልራቁም ነበርና ባርኔጣቸውን እያጠለቁ «አምና እኔም ቤተሰብ ነበርኩ» ብለው ወጡ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። መኪናዋን እፈልጋለሁ፣ ዋስትናውን አልፈልግም አልኩት። ያኔ ዋጋው ተለወጠ፤ ያለ ዋስትና በተስማማንበት አልሸጥም አለ። እማዬን ደግፌ ስነሳ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ላንተ ሊደውል ነው የወጣው፤ አንተ የደወልክልኝ ከዚያ ቀጥሎ ነው። አንተ የመሰለህ ለእማዬ ተጨንቆ የደወለ ወንድም ነው። እኔ ግን በመስኮቱ አየው ነበር፤ ካንተ ጋር እያወራ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ወዲያው አንተ በእኔ ስልክ ላይ ትጮሃለህ። ምን ልበልህ? እማዬን ይዤ ወደ መውጫው አመራሁ። ግቢውን ልንወጣ ስንል ከኋላችን ሮጦ መጥቶ «እሺ፣ ለእማማ ስል» ብሎ በመጀመሪያው ዋጋ ሸጠልን። የሸጠው ለእሷ ብሎ አልነበረም፤ መኪናዋ ዝናብ ሲመታት ከርማ ገዢ አጥታ ነው።

አሁን ደግሞ የማይመቸኝን ልጻፍልህ። መኪናዋ ቆመች። የዛሬ ሳምንት፣ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ድልድዩን እንደተሻገርን መብራቷ ደከመ፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋች። ዲናሞው ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ እማዬ ብርድ ልብሷን ለብሳ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ዴልቾ ያላት ነገር ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር። ራሴን ረገምኩ። ዳቦ የሚያከፋፍል ሰው ባያቆምልን ምን ይውጠን ነበር አላውቅም። እማዬን በሞቀው ዳቦ መሐል አስቀምጦ አደረሳት፤ ዘግይታ ደረሰች፣ እጥበቷንም አገኘች። እኔ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። ጥገናው ቀላል ወጪ አልነበረም። ምናልባት ዋስትናው ይሸፍነው ነበር፣ ምናልባት ዲናሞውም አርጅቷል ይሉኝ ነበር። እሱን ማወቅ አልችልም፤ አውቃለሁ ብዬም አልዋሽህም።

ወሬው በምን እንደደረሰው እንጃ፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዴልቾ ደወለ። እማዬ ተመልሳ ምድጃው አጠገብ ተጋድማ ነበር። «እትዬ፣ አላልኩሽም?» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አሁንም አልረፈደም፣ ዋስትናውን መኪናዋን በገዛንበት ቀን እንደገዛን አድርጎ ሊጽፈው ይችላል፤ ዋስትናውን የሚከፍለው ድርጅት ያለው ሶፊያ ነው፣ ማንም አያጣራም፤ ካምቢዮው ወይም ሞተሩ ተሰበረ ብለን ክፍያ እንጠይቃለን፤ የሚከፈለውን እኩል እንካፈላለን። «እነሱም ሌቦች ናቸው፣ ምን ያሳዝናሉ» አለኝ።

 ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር፣ አንተም ታውቃለህ። ከዚያ ጋሽ ጌንቾ ትዝ አሉኝ። «እንዲህ ማድረግ ከቻልክ፣ ለዚያ ዋስትና ለገዙ ሽማግሌ ለምን አላደረግክላቸውም?» አልኩት። ገርሞት፣ ምንም ሳያስብ፣ «እሱ ምን ያመጣልኛል?» አለኝ። ኦግኒያን፣ ክፋት እንኳ አልነበረበትም። ሰዓት ስንት ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለሰልኝ። ስልኩን ዘጋሁት። እማዬ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝና ሁሉንም ነገርኳት። ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆይታ «አባትሽ ክርስትና ሲያነሳው ሸሚዙን አበላሽቶበት ነበር፤ ያኔ ልጅ ነው ብለን አለፍነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለአንተ ግን እንደገና ደውሎ «ላድናቸው ብለምናት እምቢ አለች» አለህ። የለመነኝ ይህንን ነው። መፍራቴን አልክድም፤ አንድ ቀን ደግሞ ልትቆምብን ትችላለች። እሷ ብትቆምብን መንገድ ዳር ወርጄ የሰው እርዳታ እለምናለሁ። ዴልቾ እጅ ላይ ከወደቅን ግን እማዬ ሕመሟም ጭንቀቷም የእሱ ሱቅ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ለገና ስትመጡ ከአውሮፕላን ማረፊያ እቀበልሃለሁ እንዳለህ ሰምቻለሁ። መኪናው ውስጥ እንዳትገባለት። ስትፈልግ ይሉኝታ ያዘኝ በል፤ ስትፈልግ እህቴ ከለከለችኝ በል፣ ጥፋቱን እኔ ላይ አድርገው። እኔ ራሴ እመጣለሁ። መንገድ ላይ ከቆመችብንም አንተና እኔ ከኋላ እንገፋታለን፤ መሪውን ዳሪና ትይዛለች።

ዳሪናን ጉንጯን ሳምልኝ። ቦያንን አክስትህ የበግ ፀጉር ካልሲ ሠርታልሃለች በለው፤ ቀዩን ይወዳል ብዬ ቀይ አድርጌዋለሁ። አብሮህ ለሚሠራው ለዚያ ለፖላንዱ ልጅም ሰላምታዬ ይድረሰው። የጎረቤታችን የፔና ሰላምታ ብዙ ነው፤ ልጇ ሥራ አገኘች። እማዬ አጠገቤ ሆና እንዲህ ብለሽ ጻፊ ትለኛለች፦ እህትህ ላይ አትጩህ፤ መጮህ ካማረህ ለእኔ ደውል፣ እኔ ጆሮዬ አይሰማም።

እህትህ ዝላትካ
ጎርና ቼሬሻ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2018