የሐዋ ዳቦ

ሰኞ፣ ጥር 5

ደግሞ መናኸሪያ። በዚህ አንድ ወር ሦስተኛው ነው። ትኬት ቆራጯ አሁን ስትደውል ሰላምታም አታባክንም፤ «አባትሽ እዚህ ናቸው» ብላ ትዘጋዋለች። ስደርስ አባ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንድ እግሩን ጫማ አንዱን ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ የወሎን መኪና ይጠብቃል። ከአሶሳ ወሎ በቀጥታ የሚሄድ መኪና የለም ማለት ትቻለሁ። «ሞልቷል፣ ቀጣዩ ነገ ነው» እለዋለሁ፤ ያምነኛል። ውሸት ለምዶብኛል።

የግቢውን በር በገመድ አስሬው ነበር የወጣሁት። ፈታው። የልጁን ስም የሚረሳ ሰው ቋጠሮ አይረሳም።

ያልተሰፋ፦
የመምህርቷ ቀሚስ፣ ጥለቱ ብቻ የቀረው
የሦስቱ እህትማማቾች፣ ገና ያልተቆረጠ
የሙሽራዋ፣ እጅጌው ፈርሶ የሚሠራ
ሌሎች ስድስት

ሁሉም ለጥምቀት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይሉኛል ደንበኞቼ። ሰፊዋም አብራ ትበጣጠስ ማለታቸው ነው። ክርስቲያኖቹ እስኪያከብሩ ድረስ እኔ እስላሟ እንቅልፍ የለኝም።

ሰይድ ከፓዌ ደወለ። ታናሼ ነው፤ እዚያ ያስተምራል። በባምባሲ መንገድ የአረጋውያን መጦሪያ መከፈቱን ሰምቷል፣ ለምን ሄጄ አላየውም? ጮህኩበት። አባቱን ቤት ለሌለው ሰው በተሠራ ቤት ሊጥለው! ከዘጋሁት በኋላ አባ ሱሪውን አርጥቦ አገኘሁት። አጠብኩት። አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነገ ሄጄ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሄጄ አየሁት። አባን እትዬ ዘሐራ ጋ አስቀመጥኩት። እትዬ ዘሐራ የሠፈራ ጊዜ ጎረቤታችን ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ከወላጆቼ ጋር ከወሎ በአንድ መኪና ነው የመጡት። እስካሁንም የሠፈራው አምባ ውስጥ፣ ያኔ በተሰጣቸው ቤት ይኖራሉ።

ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ነበር የሄድኩት፦

በሩ ይቆለፋል? ይቆለፋል፣ ዘበኛም አለ።
ሥጋው ለየብቻ ነው? የእስላሙና የክርስቲያኑ ድስት ለየብቻ ነው፤ ገብቼ አየሁ።
ማን ያጥበዋል? ወንዱን ወንድ ያጥባል።
ይመታሉ? ይህን ጽፌው ነበር፣ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ማን «አዎ» ይላል?

ሌላውን በዓይኔ መረመርኩ። አንሶላው ነጭ ነው፣ የጠርዙ ዘምዘማ ግን ይተረተራል፤ በአንድ እጥበት ያልቅለታል። የሠራተኞቹ ጋወን ትከሻው ጠቧል። ሽታ የለም። መኝታው ረጅም አዳራሽ ነው፤ አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ግቢው መሐል ትልቅ ማንጎ፣ ሥሩ አግዳሚ። ከተማው ዙሪያ ሳር ስለሚቃጠል አየሩ ጭስ ጭስ ይል ነበር። አዛውንቶቹ ይስላሉ፣ ግን ማንም አልቆሸሸም።

ኃላፊዋ ነርስ ናት፣ ሲስተር ይሏታል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ለሁሉ ነገር የተወሰነ ሰዓት ያላት። ለሙከራ አምስት ቀን ትቶ ማየት ይቻላል አለችኝ። በደህና ቃል ነው ያናገረችኝ። መጥፎ ቦታ ቢሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር! ተሳድቤ እወጣ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ወሰድኩት።

ሐኪም ልናይ ነው አልኩት። አዲሱን ሸሚዝ አለበስኩት፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ መስገጃውን፣ መቁጠሪያ ሙስበሃውን ያዝኩ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ቤት ሁለቴ ሰግዶ ነው የወጣነው፤ መስገዱን ስለሚረሳ ይደግመዋል። አላህ ትርፉንም ይቀበለው።

መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሰባት ሰው ያህል ቆሞ ነበር። አባ ሰልፉን ሲያይ እጄን ለቀቀ። ሄዶ ከኋላ ቆመ። ቀጥ ብሎ። ጀርባው እንዲህ ሲቀና ካየሁ ስንት ዓመቴ! ተራው ሲደርስ ሲስተር ስሙን ጠየቀችው፤ ሳይሳሳት እስከ አያቱ ተናገረ። ቀጥላ ቤተሰብ ስንት ነው አለችው።

«ሦስት ነን» አለ። «እኔ፣ ከድጃ፣ ሐዋ። ሐዋ ታማ ተኝታለች። ነገ ትሰለፋለች።»

ከድጃ እናቴ ናት፣ ከሞተች ሦስተኛ ዓመቷ። ሐዋ የምትባል አላውቅም። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ፣ «ይቀላቀልበታል» አልኩ። አልጻፈችውም። አባ ብዕሯን እያየ እስክትጽፈው ጠበቀ።

ስወጣ አልተከተለኝም። የሰጡት አልጋ ጫፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ባጃጅ ውስጥ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

አራት ቀሚስ ጨረስኩ። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልጠፋብኝም። ምሳ ትኩስ በላሁ።

ሲስተር ደውላ ነበር። እንደ እሳቸው ያለ ታዛዥ ሰው አላየንም አለች፤ ደወል ሲደወል የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው፣ ተቀመጡ ሲሏቸው ይቀመጣሉ፣ በሩን እንኳ ዞር ብለው አያዩም።

ለሰይድ ነገርኩት፤ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በመደሰቴ ራሴን ጠላሁት። ታዛዥ? አባ? እናቴ በሕይወት ሳለች «ይሄ ሰውዬ ሲሞት እንኳ መልአኩን ይከራከረዋል» ትል ነበር። ደግ፣ ምናልባት ደክሞት ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥር 9

ከጁምዓ በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። ደወሉ ሲደወል አባ ከተቀመጠበት ተነስቶ ሳህኑን በደረቱ ይዞ ሰልፍ ገባ። አየኝ፣ ግን አልመጣም። በዓይኑ ብቻ «ኋላ» አለኝ። ከፊቱ ያሉት ሽማግሌ ተራ ሲለቁለት እንቢ አለ፤ አንገቱን ደፋ። ፈርቷል። ይህን ሰው ሰላሳ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ሲፈራ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሐሚድ ከኩሽናው ጎን ጠቀሰኝ። ወንዶቹን የሚያጥበው እሱ ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ በሱ አማርኛ ሴት የለችም፣ ሁላችንም ወንዶች ነን።

«አንተ ና» አለኝ። «አባት ያንተ ጥሩ ሰው። ግን ዳቦ አይበላም። ይደብቃል። እኔ አየ፣ ዝም አለ።»

ትራሱን አነሳልኝ። አራት ዳቦ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ። አንዱ ሻግቷል። ሐሚድ ለማን እንደሆነ ጠይቆት ኖሯል፤ አባ በጆሮው «ለሐዋ፣ ለካድሬው እንዳትነግር» ብሎታል።

ካድሬ! ደርግ የወደቀው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው።

አባ ከምሳ ሲመለስ ትራሱን ዳሰሰ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሐዋ ማን ናት አልኩት። አፌን በመዳፉ ከደነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ጠዋት ቀሚሶቹን አስረከብኩ። አሥሩን። የሙሽራዋ እጅጌ አሁንም አልተስተካከለም፤ አኮረፈችኝ፣ ታኩርፍ።

ከዚያ አምባ ሄድኩ፣ እትዬ ዘሐራ ጋ። በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ሐዋ ማን ናት ስላቸው እጃቸው ቆመ። «ኧረግ! እሱ ነገረሽ?» አሉ።

የነገሩኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ ነገ እንዳይጠፋብኝ።

ሐዋ እህቴ ነበረች። የመጀመሪያዋ። ከወሎ ሲመጡ አራት ዓመቷ ነበር። ገና ቤት አልተሠራም፤ ሰዉ ረጅም የሳር መጠለያ ውስጥ ነው የተኛው፣ ግራና ቀኝ ተደርድሮ። ዱቄት የሚሰጠው በሰልፍ ነው፣ በስም ጥሪ፣ በቤተሰብ ቁጥር። በሁለተኛው ወር ወባ ያዛት፣ በሦስት ቀን ሞተች። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ቆማ መሄድ አቅቷት ነበር። የሞተ ሰው ስም ይሰረዛል፣ የሱ ዱቄት ይቋረጣል። ስለዚህ አባ አልተናገረም። ሕፃኗን በጋቢው ጠቅልሎ፣ እንጨት ሊለቅም እንደሚሄድ ሰው ገና ሳይነጋ ወጣ። ብቻውን ሰገደባት፣ ብቻውን ቀበራት። ሲመለስ ከእናቴ ጋር ጨርቅ እንደ ልጅ ጠቅልለው ከጎኗ አስተኙ። ካድሬው ሲጠራ «ታማ ተኝታለች» ይላል። በየሳምንቱ። ሦስት ወር።

አላለቀሱም። ከተለቀሰ ይታወቃላ። እናቴ አፏ ውስጥ ነጠላ ጎስጉሳ እንደነበር እትዬ ዘሐራ አይተዋል፤ ከሳቸው በቀር ያወቀ የለም። በኋላ ወደ አምባው ሲዛወሩ አዲስ ምዝገባ ሆነ። አባ ስሟን አላስመዘገበም። ማንም አልጠየቀም።

«የሷን ዱቄት ነው አንቺ በናትሽ ሆድ ሆነሽ የበላሽው» አሉኝ። «ምትኬ ብለው ስም ያወጡልሽስ ለማን ምትክ መስሎሽ ነው?»

ወሎ ለቀረችው አያቴ ነበር የሚመስለኝ። እንዲያ ነው የነገሩኝ።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ምትክ ስጠራ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም? ደግሞ አባን በእጄ ይዤ፣ ሸሚዝ አልብሼ፣ ወደዚያ መጠለያ መልሼ አስገባሁት። ረጅም አዳራሽ፣ ሰልፍ፣ ሳህን፣ መዝጋቢ። አንሶላውን ስመረምር!

እሑድ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ከተማው ነጭ በነጭ ነው። የሰፋኋቸው ቀሚሶች በመንገዱ ሲያልፉ አየሁ፤ የመምህርቷ ጥለት አምሮባታል። እኔና እትዬ ዘሐራ በሕዝቡ መሐል ተጋፍተን፣ ባጃጅ አጥተን፣ ግማሹን መንገድ በእግራችን ሄድን። እሳቸው ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ለሐዋ ለቅሶ እንቀመጥ ብለው ያሰቡት እሳቸው ናቸው። «ያልተለቀሰ ሬሳ ነው እንጂ ሰውዬው አላበደም» ነው ያሉት። አበደም አላበደም፣ እኔ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሲስተርን አስፈቀድን። ግንባሯን ቋጠረች፣ ሌሎቹን አዛውንቶች እንዳናውክ አለች፣ ግን ፈቀደች። ማንጎው ሥር ባለው አግዳሚ አባን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ሐሚድም መጣ። እትዬ ዘሐራ የአባን ጉልበት ያዙ።

«እንድሪስ፣ ካድሬዎቹ ሄደዋል» አሉት። «አሁን ማልቀስ ይቻላል።»

በሩን አየ። መዝገብ ቤቱን አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ዱቄቱስ?» አለ።

«አይቋረጥም አባ» አልኩት።

እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ከሽማግሌ ሰው የሚወጣ አይመስልም። ስሟን እየጠራ፣ «ብቻዬን ቀበርኩሽ» እያለ። ከአዳራሹ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወጡ፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳያውቁ መጥተው ከበቡት። ክርስቲያኑም እስላሙም። አንዷ እናት ደረታቸውን መቱ። ሐሚድ ዱዓ አደረገ፤ «አላህ የርሐምሃ»፣ አላህ ይማራት፣ ሲል አባ «አሚን» አለ። እኔም አለቀስኩ፣ ላላየኋት እህቴ፣ ለእናቴ አፍ፣ ለራሴም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጸጥ አለ። ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ሰዉን ተመለከተ። «የማን ለቅሶ ነው?» አለኝ።

«የሐዋ» አልኩት።

«አላህ ይዘንላት። እናቷ ምስኪን» አለ። ሐሚድ ያመጣለትን ዳቦ ተቀብሎ በላ። ሙሉውን።

አልጠቀመም ማለት ነው? አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 12

ሲስተር ጠዋት ደወለች። ድምጿ ሌላ ነው። ምን ነግረሻቸው ነው አለችኝ፤ ጭራሽ ተቀይረዋል። ደወል ሲደወል አልሰለፍም ብለዋል። ሳህኑን ገፍተውታል። ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቀዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው የወሎን መኪና ይጠይቃሉ።

ስልኩን ይዤ ሳቅኩ። ሲስተር ታዝባኝ ይሆናል።

ስደርስ ሐሚድ ሳይጠየቅ «ትራስ ስር ዳቦ የለም» አለኝ። ራሴ ሄጄ አየሁ። የለም። ምናልባት ለመደበቅ ጊዜ አላገኘም ይሆናል፤ በአንድ ጠዋት አልፈርድም። ግን በሩ ላይ ዘበኛውን የሚከራከረው ሽማግሌ የኔ አባት ነበር፣ ያ ጀርባው ቀጥ ያለው ሰልፈኛ አልነበረም።

እንደምወስደው ለሲስተር ነገርኳት። ቦታው መጥፎ አይደለም አልኳት፣ እውነቴን ነው። ለኛ ነው የማይሆነው። በወር ውስጥ ተመልሰሽ ትመጫለሽ አለችኝ። ልመጣ እችላለሁ። ሐሚድ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቶ አባን እንደሚያጥብልኝ ቃል ገብቷል፤ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ለሰይድ ገና አልነገርኩትም።

በሩ ላይ ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ሌላ ሰው ሊጭን ፈልጎ አንገቱን ወጣ አደረገና «ስንት ናችሁ?» አለ። አባ አንድ እግሩን አስገብቶ ነበር፣ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት ነን» አለ አባ። «ሂድ።»

መንገዱን ሙሉ ወሎ ደረስን ወይ እያለ ጠየቀኝ። ደርሰናል አልኩት። አሁን ተኝቷል። ነገ የስፌት ማሽኔን ከምሰፋበት ገበያ አስመጥቼ የግቢው በር አጠገብ አስቀምጬ እዚያው እሰፋለሁ፤ ሲወጣ በኔ በኩል ይለፍ።