አስራ አንድ ቁጥር ማሊያ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። እንደምን ሰነበትሽ? የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ከደስታ ብዛት መሬት አልረግጥ ብያለሁ!

ስሚኝማ! አስራ ዘጠኝ ዓመት ምክትል ሆኜ ፊሽካ ስነፋ የኖርኩበት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ከሰኞ ጀምሮ ዋና አሰልጣኙ እኔ ነኝ። አባትሽ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሶታል። ትናንት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አምስት ሽንኩርት ደርድሬ አጨዋወት ሳወጣ፣ ስልክ ላነሳ ዞር ብል ተከላካዬን ከትፎ ድስት ውስጥ ጨመራት! "በአራት ተጫዋች ግቢያ" ይለኛል ደግሞ።

ብርዱ እንዴት ነው? ደርበሽ ልበሺ፤ ምሳሽንም ቆመሽ አትብዪ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ያን ጊዜ፣ የዋንጫው ቀን፣ አሰልጣኙ ታሞ ቡድኑን እኔ ስመራ፣ እስከ መጨረሻው ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኩሽ። "ጉልበቷን አሟታል" ያልኩት ውሸት ነበር። "ልጇን አሰለፈች" እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ከሁሉም የምትሻዪው አንቺ ነበርሽ፤ በአንድ ነጥብ የተሸነፍነው በእኔ ፍርሃት ነው። ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ማሊያ ሳድል አንዷ ልጅ አስራ አንድ ቁጥርን ስጪኝ ብላ ለመነችኝ። "ባለቤት አለው" አልኳት።

እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ለእረፍት ስትመጪ ከልጆቹ ጋር አንድ ጨዋታ ተጫወቺልኝ፣ እባክሽ። ሰው የፈለገውን ይበል፤ ቋሚ ተሰላፊዬ አንቺ ነሽ።

እናትሽ