ሦስቴ የተነፈሰው የኋላ ጎማ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ዛሬም በርበሬ ልጭን ስሄድ፣ ቡሬ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ያው የጭነት መኪናዬ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። በአንድ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ሁልጊዜ የሚጠግንልኝ የቡሬው ጎሚስታ ሰይድ ሥራ እንዳይጠፋበት ራሱ ይወጋዋል ብዬ ካመንኩ ሰንብቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ዓይኔን ከእጁ ሳልነቅል አጠገቡ ቆምኩ።

ጎማውን ከቸርኬው አላቆ አየር የሚይዘውን ከመነዳሪ ከውስጡ አወጣ። ከዚያ እጁን ወደ ጎማው ሰድዶ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ሳበና ንጹሕ ጨርቅ ላይ አኖረው። ያዝኩህ፣ አልኩ በልቤ። ቀዳዳውን ለጥፎ ክታቡን ወደ ጎማው ሊመልስ ሲል እጁን ቀብ አደረግሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የርስዎ ክታብ ነዋ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ቀንም እዚሁ አገኘሁት። የእምነት ነገር ነው ብዬ ሁልጊዜ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ እሾህ ይቧጭራል። ከመነዳሪውን ሲበላው የከረመው እሱ ነው። ሰይድን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ክታቡን ጎማው ውስጥ ያስገባሁት ግን እኔ አይደለሁም። ከሰይድ በፊት ያን ጎማ የፈታሁት ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው፤ ምሳ ልበላ ስገባም እንደተከፈተ ትቼው ነበር።

ቤት የደረስኩት ክታቡን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጋቢዬን እየተቀበለች፣ «የኋላው ጎማ ደኅና ዋለ?» አለችኝ።

ጎማ መተንፈሱን ለሷ አንድም ቀን አውርቼ አላውቅም።