በጥርስ የተላጠ ሽቦ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኦቡራ፤

ሰላምታዬ ነፋሱን ቀድሞ ደጅህ ይድረስ። ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም መረብ ስትጎትት እንደ አሮጌ በር ሲጥ ትላለህ? እማማስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ዳገቱን እሺ ይላታል? ሚስትህ አሎና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እንደ ወጉ የሁሉንም ጤና ጠይቄ ወደ ጉዳዬ ልገባ ነበር፤ ፍርሃቴ አላስቀምጥ ስላለኝ ዋናውን ላስቀድም። ኦቡራ፣ ከእኛ ወርክሾፕ የወሰድካቸውን መብራቶች ይዘህ ሐይቅ እንዳትገባ። ስድስቱንም አስቀምጣቸው። ይህችን ብቻ አንብበህ ሌላውን ብትተወው አልቀየምህም።

ስልክህን ለሐይቁ ከገበርክ ወዲህ በጎረቤትህ በኦኬች ስልክ ነበር የማገኝህ። ሰሞኑን ስደውል ግን የምትመልስልኝ ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት። ስለዚህ ይህን በሰው እጅ ላክሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ኦጎት የሚባል የዱንጋ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ አንድ መብራታችንን ጠረጴዛው ላይ አኖረውና «እህቴ፣ እኔ ምን በድያችሁ ነው?» አለኝ። ጨረቃዋ ሳትደምቅ በፊት፣ በጨለማው ኦሜና ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ፣ ማዕበሉ ጀልባውን ናጥ ናጥ ሲያደርገው ምሰሶው ላይ ያለው መብራት ድርግም ይላል። አሸዋ የጫነ ትልቅ ጀልባ ሳያየው መጣበት። መረቡንና አንዱን መቅዘፊያ ይዞበት ሄደ። «ሲያልፍ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም» አለኝ።

መብራቱን ፈታሁት። ቀዩ ሽቦ ላስቲኩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ተበጥሷል። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ገሚሶቹ ጫፋቸው ጠቁሯል፤ ገና ሲሠራ የተቆረጡ ናቸው። የቀሩት ጥቂቶቹ ሸክሙን ይዘው ከርመው ማዕበሉ ሲንጣቸው ተበጥሰዋል። ላስቲኩ ላይ ደግሞ የጥርስ ምልክት አለ። አንዱ ጠልቋል፣ አንዱ ጫር ብቻ አድርጓል። ያን ጥርስ አወቅሁት፤ የአባባ ኦሎ ነው።

መቼም ታስታውሳቸዋለህ፣ ሲስቁ በተሸረፈው የፊት ጥርሳቸው የሚያፏጩትን ሽማግሌ። እዚህ ኪቡዬ ገበያ ሽቦ የሚላጠው በጥርስ ስለሆነ ባለሙያ የሚመዘነው በጥርሱ ነው። እናቶች እንኳ ልጃቸውን ሙያ ሊያስተምሩ ሲያመጡ መጀመሪያ የጌታውን አፍ ነው የሚያዩት፤ ያልተሸረፈ ከሆነ ገና ጀማሪ ነው ብለው ያልፋሉ። አንተም በራችን ላይ ቆመህ «የልጆቹን ሥራ አልፈልግም፣ የሽማግሌውን እጅ ስጡኝ» አላልክም? ስድስቱም ከእሳቸው መደርደሪያ የወረዱ ናቸው። ይህ ትዝ ሲለኝ ወዲያው ኦኬች ጋ ደወልኩ።

የወርክሾፑ ባለቤት ማማ አጉቱ «ሽቦ የማያቆስል መላጫ ሳትይዢ እንዳትመለሺ» ብላ ላከችኝ። እኛ አሥርና ሃያ መብራት የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ትልቅ ማሽን አይገባንም፣ ደህና የእጅ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገን። የመሣሪያ ነጋዴው ጃያንት ሱቅ ስሄድ የራሳችንን ሽቦ ቆርጬ ይዤ ነበር፤ በሰው ሽቦ የተሞከረ መላጫ ምንም አይነግርም። የመጀመሪያው በብሎን የሚጠብ የሚሰፋ ነው። ጥቂት ከላጠ በኋላ ብሎኑ እየላላ ክሮቹን ይቆርጣል። ሁለተኛው ሲጨብጡት ራሱ ይዞ ራሱ ይገፋል፤ እጅ ያስደስታል፣ ልቤም ሄዶ ነበር፣ ግን የእኛን ለስላሳ ላስቲክ አኘከው። ሦስተኛው ተራ ነገር ነው፤ ጥርሱ ላይ ለየውፍረቱ የተለያየ ቀዳዳ አለው። ለሽቦአችን ውፍረት የተጻፈበት ቀዳዳ ግን እሱም ጫረው! የገበያ ሽቦና የተጻፈበት ቁጥር መቼ ይስማማሉ? አንድ ከፍ ብዬ በሚቀጥለው ብሞክረው ላስቲኩ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ልጣጭ ውልቅ አለ። በር ላይ ወጥቼ ክሮቹን በፀሐይ ዘረጋኋቸው፣ በጥፍሬ ዳበስኳቸው፣ አንድም የሚይዝ ጭረት የለም። ጃያንት «እመቤቴ፣ ፒንሳ እየገዛሽ ነው ወይስ ባል እየመረጥሽ?» አለኝ። «ባል ቢሆን መች እንዲህ እጨነቅ ነበር» አልኩት። ከዚያ የመብራቶችህን ነገር ስነግረው ሳቁን ትቶ ወንበር አመጣልኝ።

ተመልሼ መላጫውን አባባ ኦሎ ፊት ሳስቀምጠው «ጥርስ እያለኝ ብረት ልዋስ?» ብለው አፌዙብኝ። የኦጎትን ሽቦ አጠገቡ አኖርኩ። አንስተው አዩት። ቀስ ብለው ወደ አፋቸው ወሰዱትና በተሸረፈው ጥርሳቸው ላይ ገጠሙት፤ ልክክ አለ። ከዚያ «የወንድምሽ መብራቶች የማን እጅ ናቸው?» አሉኝ። «የእርስዎ» አልኳቸው። ያኔ ነው ለሰው አልናገርም ብዬ የማልኩልህ ነገር ከአፌ ያመለጠኝ። «ደግሞ እኮ ዋና አይችልም!» ብዬ አለቀስኩ። ማርልኝ። ጓደኞችህ አልሰሙም፤ የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡህ አባባ ኦሎ ራሳቸው ናቸው። በዕድሜያቸው ጀልባ ረግጠው አያውቁም፤ «ውሃ ለመታጠቢያ ነው» የሚሉ ሰው ናቸው። መላጫውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ትክክለኛዋን ቀዳዳ በጥፍር ቀለሜ አቅልሜአታለሁ። የተነከሰውን ጫፍ ሁሉ ቆርጠው በዚያች ቀዳዳ እንደገና ይላጡታል። አንተ አጠገባቸው ተቀመጥ፤ እያንዳንዱን ጎተት፣ ነቅነቅ አድርገው። ልማድ ነውና እጃቸው ሽቦውን ወደ አፋቸው ሊወስድ ይችላል። ሽማግሌ ናቸው ብለህ እንዳታፍር፣ ያዛቸው።

እኔ የሚያስፈራኝ ብዙ ነው። ነፋሱ ጀልባውን ምቢታ ወደብ ላይ ቢያስቀረውስ? ሽማግሌው ውሃውን አይተው ከዳር ቢመለሱስ? የፈሩት ይደርሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ትናንት ቀና ብዬ ሳያት ጨረቃዋ ከጎኗ መጉደል ጀምራለች። እናንተ ጨለማው ሊመጣ ነው ብላችሁ መረብ የምትጠግኑበት ሰሞን መሆኑን አውቃለሁ። እባክህ በዚህ ወር አትቸኩል። ከእኛ መብራት የገዛ ሌላ ሰው ካለም ሄደህ አስቁምልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሽማግሌው ለምን እንደመጡ አትንገራት፤ እንግዳ ናቸው በላት፣ የኡጋሊ ገንፎዋን ለስለስ አድርጋ ትሥራላቸው። አሎን «መቅዘፊያውን ደብቂው ብላሻለች» በልልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ኦኬችን ደግሞ ስልኩን እንዲሞላ ምከርልኝ።

አንድ ነገር አደራ። ከስድስቱ መብራቶች የተቆረጡትን የተነከሱ ጫፎች በሽማግሌው እጅ መልስልኝ። ከየመብራቱ ሁለት፣ አሥራ ሁለት ናቸው። መዳፌ ላይ አድርጌ እስክቆጥራቸው ድረስ፣ አንተ ደረቅ መሬት ላይ ነህ ብሎ ማንም ቢምልልኝ አላምንም።

እህትህ አዉዎር
ኪሱሙ፣ ኪቡዬ ገበያ
ሐሙስ፣ ኦገስት 22 ቀን 2024