ሰባተኛው ቅርጫት

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24
በረዶው ከጥዶቹ ሥር ገና አልለቀቀም። ጫማዬ ረጥቦ ዋለ። ሳህን መሳይ ዲስክ ተወርውሮ ቅርጫት የሚገባበትን አዲስ ሜዳ ቀይሼ፣ የአሥራ ስምንቱንም ቅርጫት ቦታ በቀይ ጥብጣብ ምልክት አድርጌ ጨረስኩ። ሰባተኛው ኩራቴ ነው። ከመወርወሪያው ላይ ቆመሽ ቅርጫቱ አይታይሽም። ዲስኩ ጉብታውን አልፎ፣ ነጫጮቹን ዛፎች ሰንጥቆ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቦታ በሃያ ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

ማርኬታ ከማዘጋጃ ቤት ደወለች። «ይሄ ካማረ የሐይቁ ዳር ሜዳ ቅየሳም ያንቺ ነው።» ያን ሐይቅ ዳር ስድስት ዓመት ስለምነው ኖሬያለሁ!

እንደ ልማዴ ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅኩ። በዚህ ጫካ ማን ይሄዳል? «ማንም።» ጎረቤቴ ኡርፖም ማንም አለ። እማዬም «ማን ምን ቆርጦት?» አለች።

ሰኞ፣ ሜይ 5
የሰባተኛው ጥብጣብ ተፈቶ የለም። የሌሎቹ አሉ። መልሼ አሰርኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 7
ዛሬም የለም። ደሜ ፈላ። በቅርብ ያለው ቤት የኡርፖ ነው። ሄድኩበት።
«ጋሽ ኡርፖ፣ ጥብጣቤን ለምን ይፈቱብኛል?»
«ምን ላደርግበት? ፀጉር የለኝ።»
«ታዲያ ማን ነው?»
«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።
ከዚህ በላይ ምን ማመን አለ? ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ከሰስኩት። ደግ አደረግኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14
የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናችን ውስጥ፣ ከእማዬ ጋር። በሳምንት አንዴ የምንነጋገረው እዚያ ነው... ንግግር ከተባለ።
«ያን ጉብታ ተዪው» አለችኝ።
«ለምን?»
«ያስጠላል።»
ባሌም ያስጠላት ነበር። ፀጉሬም። ሥራዬማ ከሁሉም በላይ። «በዚህ ዕድሜሽ ሳህን የሚወረወርበት ቦታ ትፈልጊያለሽ» ትለኛለች። ጥርሴን ነክሼ ውሃ የጋለው ድንጋይ ላይ ደፋሁ፣ ሙቀቱን ሸሽታ ወጣች።

ዓርብ፣ ጁላይ 18
ኢላሪ ሜዳውን ሊያይ መጣ። ሃያ አራት ዓመቱ፣ የፊንላንድ የዲስክ ሻምፒዮን፣ ያ ጉረኛ። እሱም ሐይቁን ይፈልጋል።
«የጡረተኛ ሜዳ ነው» አለ። ሰባተኛውን ሲያይ ግን አፉን ዘጋ።

ለራሱ ክንድ ብቻ የሚቀይስ ቀያሽ አይደለም። ግራኝ አለ፣ ሕፃን አለ፣ ወገቡን የሚያመው አለ። የተሳካ ውርወራ የት እንደሚያርፍ ማንም ያውቃል። ቀያሽ ማወቅ ያለበት የከሸፈው የት እንደሚያርፍ ነው። ይህን ብነግረው ሳቀብኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22
ልጻፈው።

ሜዳው ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱን ቅርጫት ራሴ ወርውሬ መሞከር ልማዴ ነው። ሰባተኛው ላይ ደረስኩ። ከጉብታው ማዶ ስለማይታይ ጮህኩ፤ «ሰው አለ?» ሁለት ጊዜ። መልስ የለም። ወረወርኩ። ወደ ግራ ከሸፈብኝ። የሰው ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ጉብታውን ስወጣ እማዬ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ትከሻዋን ይዛለች። አጠገቧ ባልዲ፣ ባልዲው ላይ ሻሽ። ከሻሹ ሥር ቢጫ እንጉዳይ፣ እስከ አፉ። ዙሪያዋን መሬቱ ቢጫ ነው። በኤፕሪል ስቀይስ ምን ይታየኛል? በረዶ!

ጩኸቴን ሰምታለች። ሁለቱንም ጊዜ። እዚህ አገር ጥሩ የእንጉዳይ ቦታ ያገኘ ለልጁም አይናገር። አቤት ብትል ቦታው ይታወቃላ... አጎንብሳ ዝም አለች።

አምቡላንስ ልጠራ ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዘች። «እዚህ ሰው እንዳታመጪብኝ። መንገዱ ድረስ ውሰጂኝ፣ ከዚያ ጥሪ።» የተሰበረ አጥንት ይዛ፣ ግማሽ ሰዓት፣ እኔን ተደግፋ። ባልዲውን ደግሞ እኔ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24
ሆስፒታል። ነርሷ የት እንደወደቀች ጠየቀቻት። «ደረጃ ላይ።» ዓይኗን እንኳ አላሸችም።
ነርሷ ስትወጣ፦ «ጥብጣቡን የፈታሽው አንቺ ነሽ?»
«ታዲያ ማን ይሁንልሽ?»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ነግሬሻለሁ። ያስጠላል ብዬሻለሁ።»
«ልጅሽ እኮ ነኝ፣ እማዬ።»
«ልሞት ስል እነግርሽ ነበር።»
ንድድ አልኩ። ከተኛችበት ላንቃት ምንም አልቀረኝ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ማታ ኡርፖ ጋ ሄድኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይቅርታ ስለው «ለውሻዬ ንገሪው» አለኝ።
«እሷ መሆኗን ያውቁ ነበር?»
«አርባ ዓመት አውቃለሁ። የሰው ቦታ ግን አይነገርም።»

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ። ሰባተኛውን ወደ ረግረጉ ዳር እንዳዛወርኩት ተናገርኩ። አጭር፣ ሜዳማ፣ አስቀያሚ።
ማርኬታ ምክንያቱን ጠየቀች። ምን ልበላት? እውነቱን ብናገር እሑድ መቶ ሰው ባልዲ ይዞ እዚያ ነው።
«ነፋሱን ተሳስቼ ነው» አልኩ።
«እዚያ ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ነፋስ?» አለ ኢላሪ። ሳቁ። ከጸሐፊው እስከ ሊቀ መንበሩ ሳቁብኝ። ማርኬታ ብቻ አልሳቀችም፣ እሱ ይብሳል።

ሰኞ፣ ኦገስት 18
ሐይቁን ለኢላሪ ሰጡት። ሁለት መስመር ደብዳቤ። አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30
እማዬ ከተሰበረች ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳውና። ክንዷ ታስሯል። ጀርባዋን አጠብኩላት፣ «ቆዳዬን ላጥሽው» አለች።
ከዚያ፦ «ሐይቁን ለዚያ ጉረኛ ሰጡት አሉ።»
«ሰጡት።»
«ቅርጫቱን ለምን እንዳዛወርሽው አትነግሪያቸውም ነበር?»
«ምን ብዬ?»
በደህናው እጇ ድንጋዩ ላይ ውሃ ደፋች።
«ሌላ ቦታ አለኝ» አለች። «ከዚያኛው የሚበልጥ። አባትሽም ሳያየው ነው የሞተው። ነገ በጠዋት ቦት ጫማሽን አድርጊና ነይ።»
እሺ አልኳት።
«መኪናሽን ግን እቤትሽ ተዪው። ሰው ያውቀዋል።»