ማንም የማይከፍተው ፋይል

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለራዶስቲን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የበርገን ዝናብ ያንን ጉንፋንህን አላስነሳብህም? ባለቤትህ ያናስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ቢሊያናስ ደህና ናቸው? እኔም እማዬም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትህ ብቻ ነው። እማዬን ብርዱ ሲበረታ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው ጤነኛ ነው።

ወንድምዓለም፣ ዛሬ የምጽፍልህ ልወቅስህም ጭምር ነው። ወደ ኖርዌይ ስትሄድ ጽፈህ ትተኸው የሄድከው የአምቡላንስ ማሰማሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም እኔን ከሙያዬ ሊያስወጣኝ ነበር። በብርዱ ወራት፣ ተራራው ላይ በረዶ የዘጋውን መንገድ ክፍት ነው እያለ ሾፌሮቹን ያንከራትት ነበር። ይህን ማስተካከል ለኛ ሙያ ሰው የሚያጓጓ ሥራ ነበር። ግን አንተ ከሄድክ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። አሁን እኔ የምሠራበት ያንተ የድሮ ቢሮ ሕግ እንኳ አውጥቷል፤ ያንተን ፋይል ከፍቶ ምንም ሳይሠራ የዘጋ ሰው ለሁሉም በአይብ የተጋገረ ትኩስ ባኒጻ ይገዛል። እኔ በአንድ ወር አራት ጊዜ ገዛሁ።

ፕሮግራሙ ውስጥ ለመንገዱም ለመኪናውም የሰጠኸው ስም ሁሉ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር! የትኛው መንገድ፣ የትኛው መኪና እንደሆነ የምታውቁት አንተና ፈጣሪ ብቻ ናችሁ። እኔ ግን ጥፋቱን ራሴ ላይ ደፈደፍኩት። ቤታችን ውስጥ ጭንቅላት ያለው አንተ ነህ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ አልገባኝም ብዬ አንተን መጠየቅም አሳፈረኝ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ለአለቃችን ለክራሲሚራ ሰጠኋት።

አንብባ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከሦስተኛው ገጽ አልፌ አላውቅም። እሱ ሊቅ ነው እያልን የምናወራው እኮ የራሳችንን ሐፍረት ልንሸፍን ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አዲስ ነገር ሳንጨምር ስሞቹን ብቻ አስተካከልን፤ መንገዱን መንገድ፣ መኪናውን መኪና አልነው። በሁለተኛው ሳምንት የቢሮው ሰው ከኋላችን ተኮልኩሎ «እስቲ እኔ ልሞክር!» «ቆይ እንጂ፣ ተራዬ ነው!» ይባባል ጀመር። የተዘጋውን መንገድ ክፍት የሚያስመስለውን ስህተትም አብረን አግኝተን አረምነው። ባለፈው ሐሙስ በረዶ ሲጥል አምቡላንሱ በክፍቱ መንገድ ሄዶ፣ ምጥ የያዛትን አንዲት ሴት ሆስፒታል በጊዜ አደረሳት።

ሥራህ ግሩም ነው፤ ውስጡ ያለውን ሐሳብ ሳየው ኮራሁብህ። ተናድጄብሃለሁም። ያልገባኝ ደደብ ስለሆንኩ አልነበረም፤ ሰው እንዲያነበው አድርገህ ስላልጻፍከው ነው። ይህን አፌን ሞልቼ ለመናገር ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያናን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ቢሊያናን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ አንገትህን በሻርፕ ሸፍን ብላሃለች።

የምትወድህ እህትህ ኔቬና
ፕሎቭዲቭ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019