ማይኩን ክፈትላት

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ ሲያይ አሁንም ያጉረመርማል ወይስ ተሽሎሻል? መነጽርሽስ ተሠራልሽ? ካልተሠራም እንደ ምንም ብለሽ ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። እንደ ወትሮው ለጎረቤታችን፣ ለጡረተኛዋ አስተማሪ፣ እንዳትሰጫት። እሷ ስታነብ ድምጿ አጥር ይዘላል፤ ይሄኛው ደግሞ አጥር መዝለል የለበትም። ስልክ ያልደወልኩልሽም ለዚሁ ነው። የእኔ ስልክ ሰሞኑን ጆሮ በዝቶበታል።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም እማዬ፣ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል ቀመስኩ ማለት አይቻልም፤ ደግሞም አልራበኝም። ስለዚህ ጽሑፌ ቢዘባረቅብሽ እንዳትቆጪኝ። ልብሽ እንዳይሰቀል ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የማልኩልሽን አላፈረስኩም።

የትኛውን መሐላ እንደሆነ መቼም አትረሺውም። ባለፈው የመጣሁ ጊዜ ወንድም ጋሼ ቤት ያየሁትን ሳወራሽ ነው። ከቧንቧው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀድቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ ምራትሽ እጄን ለቀም አደረገችው። ቀምታኝ ደፋችውና ከታሸገው ውሃ ቀዳችልኝ። ቀና ብዬ ወንድሜን ሳየው ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ጠፍቶ ነበር። በዚያው ሰሞን የምዕራቡ ሰፈር ክሊኒክ በታመሙ ልጆች ተጨናንቆ ነበር፤ እሱ ደግሞ የመንግሥት ቃል አቀባይ ነውና በየቀኑ በሬዲዮ እየወጣ የከተማው ውሃ ለመጠጥ ተስማሚ ነው ይል ነበር።

ይህን ስነግርሽ ፊትሽ ልውጥ አለ። እጄን ጨብጠሽ፣ የወንድምሽን የቤት ገበና አደባባይ ብታወጪ ያጠባሁሽ ጡት ይፍረድ አልሽኝ። ማልኩ። ስመለስ ግን የአውቶቡሱ ወንበር እሾህ ያበቀለ ይመስል አላስቀምጥ አለኝ።

ዜናውን በሌላ መንገድ ለማውጣት ያልሞከርኩት የለም። ውሃው ተመርምሮ ውጤት እንደመጣ ከአንድ ሐኪም ሰማሁ፤ ውጤቱን የሚያሳየኝ ሰው ግን አጣሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብዬ እናቶችን እያነጋገርኩ ጻፍኩ። አለቃችን ባርኔጣው (እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ ባርኔጣውን ስለማያወልቅ ነው) ጽሑፉን ፊት ገጽ ላይ አስገባው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ደውሎ ይሄን ማን ፈቀደው አለና አስነሳው። ደግመን አስገባነው፣ ደግሞ አስነሳው። በቦታው ስለ ጓሮ አትክልት አወጣን። አንባቢዎቻችን አሁን ስለ ካሮት የማያውቁት ነገር የለም።

የቀረን ጋዜጣዊ መግለጫው ብቻ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጥያቄያችንን በዋዜማው ጽፈን ለወንድሜ ቢሮ እናስገባለን፣ የተፈቀደው ተመርጦ ይመለስልናል፣ በማግስቱ እየተነሳን እሱኑ እናነባለን። ማይኩን ይዞ የሚዞረው ሰውዬ በቁመቱ የተነሳ አንቴና ይባላል፤ አውራ ጣቱ ከማጥፊያው ላይ አይነሳም። ከወረቀቱ ውልፍት ካልሽ ጠቅ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው አፍሽ ብቻ ነው።

ለእኔ የተፈቀደልኝ አዲሱ የውሃ ማጠራቀሚያ መቼ እንደሚመረቅ የሚጠይቅ ነበር። ጠዋት ልወጣ ስል ባርኔጣው ጠራኝና፣ ከወረቀቱ ውጪ ከጠየቅሽ መታወቂያሽን ይነጥቁሻል፣ ጋዜጣውንም ሊዘጉብን ይችላሉ አለኝ። ጥቂት አሰብ አደረገና፣ እኔን ግን ካሮት ሰልችቶኛል ብሎ ፊቱን አዞረ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንድሜ ያን ጥቁር ሱፉን ግጥም አድርጎ መድረኩ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። ፀጉሬን እየጎተተ ያሳደገኝን ሰው "ክቡር ቃል አቀባይ" ብዬ ጀመርኩ። አልዋሽሽም እማዬ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረው ሌላ ነው። እርስዎስ ቤት ይሄ ውሃ ይጠጣል ወይ ብዬ ብጠይቀው በዚያው ያልቅ ነበር። ግን እጅሽ እጄን የጨበጠኝ መሰለኝና ዋጥኩት። በእሱ ፈንታ፣ ውሃው ተመርምሮ የመጣው ውጤት ለምን ለሕዝብ አልተነገረም፣ ልጆቻቸው ክሊኒክ የተኙባቸው እናቶች እያልኩ ሳልጨርስ፣ ጠቅ። ድምፄ ጠፋ። ሁለት ጥበቃዎች ከተደገፉት ግድግዳ ተላቀው ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ።

ያኔ ወንድሜ ወደ ራሱ ማይክ ጎንበስ አለ።

"ማይኩን ክፈትላት፤ ትጨርስ" አለ።

የአንቺ ቃል እኮ ነው። ልጆች ሳለን ስንጣላ መሀላችን ቆመሽ፣ መጀመሪያ እሷ ትጨርስ፣ ከዚያ አንተ የተጠየቅከውን ብቻ ትመልሳለህ ትይው አልነበር? አንቴና ጆሮውን አላመነም። ወደ ኃላፊዎቹ አየ፣ ወደ ጥበቃዎቹ አየ፣ በመጨረሻ ከፈተው። ጨረስኩ።

ወንድሜ የተጻፈለትን ወረቀት አንስቶ ማንበብ ጀመረ። "ውሃው ለመጠጥ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ማጅራቱን አከከ። እማዬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆኖ ሲዋሽ ፊቱ ላይ ምንም አታገኚበትም፣ እውነት ሊያወጣ ሲል ግን ማጅራቱን ሳያክ አይናገርም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ውጤቱ አለ። ውሃው ተበክሏል" አለ። "ውጤቱ እጄ ከገባ ጀምሮ ልጆቼ ከቧንቧ ጠጥተው አያውቁም።"

ከገዛ አፉ እማዬ። እኔ አልነካሁትም።

ስርጭቱ ደግሞ በቀጥታ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ለእንዲህ ያለ ጊዜ መስመር የሚቆርጥ ሰው አለው፤ ግን በወንድሜ መግለጫ ላይ አንድም ቀን የሚቆረጥ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ ምን ይመጣል ብሎ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቷል። ጉዱን የሰማው ፀጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ነው አሉ።

ቢሮ በምን እንደደረስኩ አላውቅም። ባርኔጣው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በር ላይ ጠበቀኝ፤ ለካ ራሰ በራ ነው። እያለቀስኩም እየሳቅኩም ጻፍኩ። ማተሚያ ቤቱ እንደ ልማዱ ደውሎ ማን ፈቀደው አለ። ባርኔጣው፣ ቃል አቀባዩ ብሎ ስልኩን ዘጋበት። ጽሑፌ አንድ ቃል ሳይነሳለት፣ የእናቶቹም ንግግር ሳይጎድልበት ታተመ። በማግስቱ አዟሪዎቹ ገና በጠዋቱ ጨርሰው ሌላ ጨምሩልን ብለው ተመልሰው መጡ። ከሰዓት በኋላ ንጹህ ውሃ የጫኑ ቦቴዎች ምዕራቡ ሰፈር ገቡ። ክሊኒክ በር ላይ ካነጋገርኳቸው እናቶች አንዷ አየችኝና ጀሪካኗን እንደያዘች አቅፋኝ ቀሚሴን በውሃ አራሰችው። እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋዜጠኛ ነኝ ባልኩ ቁጥር አፍር ነበር፤ ያን ቀን ግን አላፈርኩም።

መታወቂያዬን ከአዳራሹ ስወጣ ተቀብለውኛል። ለጊዜው ነው ብለዋል፤ የማን ጊዜ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ባርኔጣው፣ የምትጽፊው በእጅሽ እንጂ በመታወቂያሽ አይደለም ብሎኛልና አታስቢ።

ይህን ስጽፍልሽ ወንድም ጋሼ እዚሁ እኔ ማድ ቤት ድንች እየላጠ ነው። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። ልጣጩን እንደ ጫማ ሶል ያወፍረዋል፤ ድንቹን ጨረስከው ስለው ይስቃል። ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ። ቅዳሜ ወደ አንቺ እንመጣለን፤ ምራትሽና ልጆቹም አብረውን ናቸው። ያ ጥቁር መኪና ይመጣል ብለሽ ግን መንገድ እንዳታዪ፣ የምንመጣው በአውቶቡስ ነው። ምራትሽ የልጆቹን ሹራብና የክረምት ጫማ ሳይቀር ሸክፋለች፤ የኋላውን ክፍል ብታስጠርጊልን ጥሩ ነው። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን፣ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።

ትንሿ ልጁ አሁን መጥታ፣ አያቴ ቤት ከቧንቧ ይጠጣል ወይ ብላ ጠየቀችው። ቢላዋውን አስቀመጠ። በእርጥብ እጁ ማጅራቱን አከከና፣ ይጠጣል አላት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደጃፍሽን ሰው አያሳጣው። ቁጣ ካለሽ ለእኔ አስቀምጪልኝ፤ ምርቃትሽን ግን ገና ከአውቶቡሱ ሲወርድ ለእሱ ስጪልኝ።

ታናሿ ልጅሽ